ራዶን፦ ከማዕድን ጉድጓድ እስከ መኖሪያ ቤት



ባለፈው ወር፣ ፕሮሰሱ አልቆለት ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ የሄደ የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን ደውሎልን ነበር። ሰላምታው፣ የብርዱ ወሬ፣ የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰ የሚለው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንዲህ አለን፦ «የተከራየነው ቤት ቤዝመንት ነው፣ ከመሬት በታች። ሰሞኑን አከራያችን መጥቶ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና ሦስት ወር እንዳትነኳት ብሎን ሄደ። ምንድን ናት ስንለው ለራዶን ነው አለ። እናንተ ሳይንስ አስተማሪዎች አይደላችሁም እንዴ? እስቲ ንገሩኝ፣ ራዶን ምንድን ነው? ባለቤቴማ ካሜራ ናት ብላ ፎጣ ልታለብሳት ምንም አልቀራት።»

ሳቅን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን አለን፤ አንዳንዳችን ከሁለተኛ ዓመት፣ አንዳንዳችን ከሦስተኛ ዓመት። ስለ ራዶን የምናውቀው በፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ቁጥሩ 86 መሆኑን፣ ከሂሊየምና ከኒዮን ጋር በአንድ ዓምድ መቀመጡን፣ ባጭሩ ለፈተና ብለን የሸመደድነውን ያህል ነው። ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማንም አልነገረንም፣ እኛም ለተማሪዎቻችን አልነገርንም።

ስለዚህ ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ ተራ በተራ እየተቀመጥን አነበብን። የፊዚክስ ጥያቄ ብለን የጀመርነው ነገር የታሪክ ትምህርት ሆኖ አገኘነው። ያገኘነውን እነሆ እናካፍላችሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጠገራ ብር አገር

ታሪኩ የሚጀምረው ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክና ጀርመን በሚዋሰኑበት ተራራማ አካባቢ ነው። በ1516 በአንድ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ብር ተገኘ። ወዲያው ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሙም ዮአኪምስታል ተባለ፤ «የዮአኪም ሸለቆ» ማለት ነው። ዛሬ ቼኮች ያሂሞፍ ይሉታል። ከዚያ ብር የተሠራው ገንዘብ «ዮአኪምስታለር» ተባለ፤ ሰው ሲያሳጥረው «ታለር» ሆነ።

እዚህ ላይ እኛም ከታሪኩ ውስጥ አለንበት። አያቶቻችን ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ ይሉት የነበረው፣ በኢትዮጵያ ገበያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የዋለው የንግሥት ማርያ ቴሬዛ ብር እኮ ታለር ነው። ዶላር የሚለውም ቃል የመጣው ከዚሁ ታለር ነው። ባልደረባችን የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ገንዘብ ስምና ያቺ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችው ፕላስቲክ የምትፈልገው ጋዝ ታሪክ፣ ሁለቱም ከአንድ ሸለቆ የወጡ ናቸው። ይህን ስናነብ እኛም ገርሞናል።

በ1527 ገደማ ጊዮርጊዮስ አግሪኮላ የሚባል ሰው በዮአኪምስታል የከተማው ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ማዕድን ቆፋሪዎቹን ሲያክም፣ ሥራቸውንም ሲመለከት ቆይቶ ስለ ማዕድን ሥራ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1556 ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቆፋሪዎች የሳንባ በሽታ ይናገራል። በካርፓቲያ ተራሮች ባሉ የማዕድን ስፍራዎች ሰባት ባል ያገቡ፣ ሰባቱንም ይኸው በሽታ የወሰደባቸው ሴቶች እንደሚገኙ ጽፏል። ስታቲስቲክስ በሌለበት ዘመን ይህ ራሱ ቁጥር ነው። ሴቶቹ ቆጥረውታል።

አግሪኮላ በሽታው ከአቧራና ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር፤ በጉድጓዶች ውስጥ ስለሚኖሩ ክፉ መናፍስትም ጽፏል። መፍትሔውን ግን በከፊል አግኝቶት ነበር ማለት ይቻላል። በመጽሐፉ ንፁህ አየር ወደ ጉድጓድ የሚያስገቡ ወናፎችንና ማራገቢያዎችን በሥዕል ጭምር አሳይቷል። ከ400 ዓመታት በላይ ቆይቶ የመጣውም መፍትሔ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አየሩን ማውጣት ነው።

ቆፋሪዎቹ ብሩን ሲያሳድዱ አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ እየገጠማቸው ይጥሉት ነበር። ፒችብሌንድ ይባላል። በ1789 ክላፕሮት የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከዚህ ዓይነት ድንጋይ ዩራኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። በ1898 ደግሞ ማሪ ኪዩሪና ባለቤቷ ፒየር ኪዩሪ ከዮአኪምስታል በመጣ የፒችብሌንድ ዝቃጭ ላይ ሠርተው ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። በ1900 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ዶርን ከራዲየም የሚወጣ ጋዝ መኖሩን አስታወቀ። ዛሬ ራዶን የምንለው ይህ ነው።

ታዲያ በሽታውስ? ከዮአኪምስታል ብዙም በማይርቀው፣ በጀርመን በኩል ባለው ሽኔበርግ በሚባለው የማዕድን ከተማ፣ ሄርቲንግና ሄሴ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሞቱ ቆፋሪዎችን አስከሬን መርምረው በ1879 ውጤቱን አሳተሙ። «የተራራ በሽታ» የሚባለው ካንሰር መሆኑን አሳዩ፤ ከሚሞቱት ቆፋሪዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል የሚገድለው ይኸው ነበር። (የባዮሎጂ ተማሪዎች ልብ በሉ፤ ይህ ዋልተር ሄሴ ባክቴሪያ የሚያድግበትን አጋር በባለቤቱ በፋኒ ምክር ወደ ላቦራቶሪ ያስገባው ራሱ ሰውዬ ነው።) በ1920ዎቹ በሽኔበርግ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ራዶን ተለካ፤ ጥርጣሬውም ወደ ጋዙ ዞረ።

የሚገርመው ግን በዚያው ዘመን ዓለም ራዲየምን እንደ መድኃኒት ይመለከት ነበር። ዮአኪምስታል ከ1906 ጀምሮ ራዶን ባለበት ውሃ ሰው የሚታጠብባት የፍል ውሃ ከተማ ሆነች፤ እስከ ዛሬም ናት። በአሜሪካ በ1920ዎቹ ራዶን ወደ መጠጥ ውሃ የሚጨምሩ የሸክላ ማሰሮዎች በገበያ ይሸጡ ነበር። ከላይ ሀብታሙ ለጤና ብሎ ይጠጣዋል፣ ከታች ቆፋሪው በእሱ ይሞታል።

እያወቁ ያልነገሩ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩራኒየም ለአቶሚክ ቦምብ ተፈላጊ ሆነ። በቼኮዝሎቫኪያ መንግሥት የፖለቲካ እስረኞችን ወደ ያሂሞፍ ጉድጓዶች እያስገባ ለሶቪየት ኅብረት የሚሆን ዩራኒየም አስቆፈረ። በአሜሪካም በኮሎራዶ አምባ አካባቢ ብዙ የናቫሆ ተወላጆች በዩራኒየም ጉድጓዶች ተቀጠሩ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያው የደመወዝ ሥራ ነበር፤ ደስም ብሏቸው ገቡ።

የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1950 ጀምሮ እነዚህን ቆፋሪዎች እየመረመረ ያጠና ነበር። የአውሮፓው ታሪክ ይታወቃል፤ አየር ማስገባት ጋዙን እንደሚቀንስም ይታወቃል። ለቆፋሪዎቹ ግን አደጋው አልተነገራቸውም። ወደ ጉድጓዶቹ ለመግባት የኩባንያዎቹ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር፣ ሠራተኞቹን ላለማስደንገጥ ተብሎ ነበር ዝም የተባለው። በመላ አገሪቱ ለዩራኒየም ጉድጓዶች የራዶን ገደብ የወጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1960ዎቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው የናቫሆ ሴቶች እየተሰበሰቡ መጠየቅ ጀመሩ። የአሜሪካ ኮንግሬስ በሕግ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ የፈቀደው በ1990 ነው። በአግሪኮላ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሴቶችና የናቫሆ ሴቶች ከ400 ዓመታት ልዩነት በኋላ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው የቆሙ መሰለን።

ይህን ክፍል ስናነብ አንዳንዶቻችን ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለን ነበር። ስለ ራስህ የተመዘገበ ነገር በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ አንተ ሳታየው መኖር ምን እንደሆነ ስደተኛ ያውቀዋል።

ደወሉ የጮኸው ሲገባ ነው

እስከዚህ ድረስ ራዶን የቆፋሪ ችግር ነበር። ቤት ግን? ከማዕድን የተረፈ ድንጋይ ለቤት መሥሪያ በዋለበት፣ በያሂሞፍም በናቫሆ ምድርም፣ ችግር መኖሩ ቀስ በቀስ ታውቋል። ስዊድኖችም ጨረር ካለው የድንጋይ ዓይነት የተሠራ ብሎኬት ለቤት ግንባታ ተጠቅመው ኖሮ፣ በ1970ዎቹ ምርቱ ቆመ። ግን ማዕድን በሌለበት መንደር፣ በተራ ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ከጉድጓድ በላይ ሊጠራቀም ይችላል ብሎ በቁም ነገር ያሰበ ጥቂት ነበር።

ነገሩን ለሕዝብ ጆሮ ያደረሰው አንድ አጋጣሚ ነው። ታኅሣሥ 1984፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሊመሪክ በሚባለው የኑክሌር ኤሌክትሪክ ጣቢያ። ስታንሊ ዋትራስ የጣቢያው የግንባታ መሐንዲስ ነው። በበሩ ላይ ሠራተኛ ሲወጣ ጨረር ይዞ እንዳይወጣ የሚፈትሽ መሣሪያ ተተክሏል። መሣሪያው በዋትራስ ላይ በየቀኑ ይጮህ ጀመር። ይታጠባል፣ ልብስ ይቀይራል፣ በማግስቱ ያው ነው። ጣቢያው ግን ገና ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንኳ አልጀመረም። ታዲያ ጨረሩ ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን ጠዋት ዋትራስ ወደ ሥራው ሳይገባ፣ ከውጭ እንደመጣ በቀጥታ በመሣሪያው ውስጥ አለፈ። ደወሉ ጮኸ። ለካስ ጨረሩን ከሥራ ወደ ቤት እየወሰደ ሳይሆን ከቤት ወደ ሥራ እያመጣ ኖሯል!

ቤቱ ቦየርታውን ከሚባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ኮልብሩክዴል በሚባል የገጠር ቀበሌ ነበር። ሲለካ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ወደ 2,700 ፒኮኪዩሪ ራዶን ተገኘ። በሌላው መለኪያ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 100,000 ቤክሬል ማለት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከዚያ በኋላ ቤት ይጠገን ያለበት መጠን 4 ፒኮኪዩሪ ስለሆነ፣ የዋትራስ ቤት ከዚህ ወደ 675 እጥፍ ነበር። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው በጥር 1985 ቤቱን ለቀው ወጡ። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ወጪውን ችሎ ቤቱ ተጠገነ። ስንጥቁ ተደፈነ፣ ከወለሉ ሥር ቧንቧ ገብቶ ጋዙን እየሳበ በላይ በኩል ወደ ውጭ እንዲያወጣ ተደረገ። በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ተመልሶ ገባ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። የቅርብ ጎረቤቶቹ ቤት ሲለካ ብዙም ችግር አልነበረበትም። አንድ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት አጥር፤ ከወለሉ በታች ያለው ድንጋይና ስንጥቅ ግን የየራሱ ነው። «ጎረቤቴ ደህና ከሆነ እኔም ደህና ነኝ» የሚለው አነጋገር እዚያ ላይ አበቃለት።

ግዛቱ በሬዲንግ ፕሮንግ ስም በሚታወቀው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያሉትን በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች መለካት ጀመረ። ንጣፉ ከፔንሲልቬንያ ተነስቶ በኒው ጀርሲ በኩል ወደ ኒው ዮርክ ይዘልቃል። ሁሉም ሰው ግን በደስታ በሩን አልከፈተም። ካንሰሩን የሚፈራ አለ፤ የቤቴ ዋጋ ይወድቃል ብሎ ውጤቱን የሚፈራም አለ። በ1986 መንግሥት ለሕዝብ የራዶን መመሪያ አሳተመ፤ በ1988 ደግሞ ስለ ቤት ውስጥ ራዶን ሕግ ወጣ። በዚያው በ1988 የዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት ራዶንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

እንዴት ይገባል?

ለተማሪዎቻችን ባጭሩ እናስረዳ። በድንጋይና በአፈር ውስጥ ሁሉ ጥቂት ዩራኒየም አለ። ዩራኒየም በጣም በዝግታ እየፈረሰ በመጨረሻ ራዲየም፣ ከራዲየም ራዶን ይሆናል። ራዶን ጋዝ ስለሆነ በአፈሩ ቀዳዳ ይንቀሳቀሳል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው። ሜዳ ላይ ሲወጣ ንፋስ ይበትነዋል። ቤት ሥር ሲወጣ ግን፣ በተለይ በብርድ አገር፣ የሞቀው የቤት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቤቱ ከሥሩ ያለውን አየር እንደ ገለባ ይስበዋል። በወለል ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት ይገባል። በርና መስኮት ለብርድ ተዘግቷል፤ እዚያው ይጠራቀማል።

ራዶን በ3.8 ቀን ውስጥ ግማሹ ይፈርሳል። ሲፈርስ ፖሎኒየምን የመሳሰሉ ጠጣር ልጆች ይወልዳል። እነሱ ከአቧራ ጋር ተጣብቀው ሳንባ ውስጥ ይቀመጡና የአልፋ ጨረር ይተኩሳሉ። አልፋ ወረቀት እንኳ የማያልፍ ደካማ ጨረር ነው ብለን አስተምረናል፤ ልክ ነው። ከውስጥ ሲሆን ግን በእሱና በሳንባ ሴል መካከል ወረቀትም የለም።

ተራራ የወደቀባት መንደር

ሁለተኛዋ መንደራችን ኡምሃውዘን ናት። በኦስትሪያ ቲሮል፣ በኦትዝ ሸለቆ የምትገኝ፣ በወቅቱ 2,600 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ የገጠር መንደር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢንስብሩክ ተመራማሪዎች ቤቶቹን ለኩ። በአንድ ቦታ በሜትር ኩብ እስከ 274,000 ቤክሬል ተገኘ። ከዋትራስ ቤት ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው። በመንደሯ ራዶን በበዛበት ሰፈር በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰውም ከሌላው ቲሮል የበለጠ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በአጠገቡ አንድ ትልቅ ተራራ ተንዷል። ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ነው፣ ዩራኒየም የሚቆፈርበት አይደለም። ግን ሲናድ ተፈረካክሶ ደቃቅ ስለሆነ ጋዙ የሚወጣበት መንገድ በዛ። የኡምሃውዘን ገበሬ ምንም ጥፋት አላጠፋም። አያቱ በሠሩበት ቦታ ቤት ሠራ፣ ላሙን አለበ፣ ልጁን አሳደገ። ያላወቀው ነገር ከወለሉ ሥር ነበር።

ሦስተኛ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። በ2003 በአየርላንድ ኬሪ ውስጥ ካስልአይላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ቤት 49,000 ቤክሬል ተገኘበት፤ የአገሪቱ ወሰን 200 ነበር። መሥሪያ ቤቱ በአካባቢው ላሉ ቤቶች ደብዳቤ ጽፎ ለኩ አለ። አብዛኛው ሰው ምላሽ አልሰጠም። የማይታይ ነገር ሰውን ለማንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል። እኛም በካምፑ ስለ ወባ አጎበር ስንቀሰቅስ ያየነው ነው፤ እሱስ ቢያንስ ትንኟ ትታያለች።

ያቺ ጥቁር ፕላስቲክ

ወደ ባልደረባችን ጥያቄ እንመለስ። ራዶን የሚለካባቸው ቀላል መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ የተለየ ከሰል ያለባት ቆርቆሮ ናት፤ ጥቂት ቀን ተከፍታ ትቀመጥና ከሰሉ የያዘው ጋዝ በላቦራቶሪ ይቆጠራል። ሁለተኛው እሱ ቤት ያለው ዓይነት ነው። በውስጧ ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ አለች። አልፋ ጨረር ሲመታት በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል። ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከቆየች በኋላ ቁራጯ በኬሚካል ትታጠባለች፤ ጭረቱ ይሰፋል፤ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ባትሪ የላትም፣ ሽቦ የላትም፣ ካሜራም አይደለችም። ፎጣ ከለበሰች ግን ልትሳሳት ትችላለች!

ቁጥሩ ሲመጣስ? የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ከ4 ፒኮኪዩሪ በላይ ከሆነ ይጠገን ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ ከተቻለ ከ100 ቤክሬል በታች፣ ካልተቻለም ከ300 እንዳይበልጥ ይመክራል። በ2005 የታተመ፣ 9 የአውሮፓ አገሮችን 13 ጥናቶች የሚያጠቃልል ምርምር እያንዳንዱ 100 ቤክሬል የሳንባ ካንሰርን ዕድል በ16 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው አደጋው ብዙ እጥፍ ነው። በሚኒሶታ ከአምስት ቤት በሁለቱ ያህል መጠኑ ከ4 በላይ እንደሆነ የግዛቱ ጤና ቢሮ ይናገራል። አከራዩ ደግ ሥራ ነው የሠራው።

እኛንስ ምን ይመለከተናል?

አንዳንድ አንባቢ «እኛ በቆርቆሮና በሸራ ውስጥ፣ ንፋስ በግራ ገብቶ በቀኝ በሚወጣበት ቤት እየኖርን ስለ ፈረንጅ ቤዝመንት ምን አገባን?» ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ክፍተት ባለው ቤት ውስጥ ራዶን አይጠራቀምም። ለካምፓችን የመጀመሪያው ሥጋት ራዶን ነው አንልም። ቢሆንም ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛ፣ አፍንጫ መሣሪያ አይደለም። በእኛው ብሎክ በአንድ የዝናብ ሌሊት አንዲት እናት ልጆቿ እንዳይበርዳቸው ብላ የከሰል ምድጃ አስገብታ በሩን ዘግታ ተኛች። ጭሱ ስላለቀ ፍሙ ደህና መስሏት ነበር። ንጋት ላይ ጎረቤት ባያንኳኳ ኖሮ ሁለቱ ልጆች ዛሬ በክፍላችን ባልተቀመጡ ነበር። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድም እንደ ራዶን ሽታ የለውም፤ ልዩነቱ ራዶን በዓመታት፣ ከሰል በአንድ ሌሊት መግደሉ ነው። ከማብሰያ የሚወጣው ጭስም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ ባለ የማብሰያ ጭስ ምክንያት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። የሦስቱም መድኃኒት መነሻው ያው የአግሪኮላ ወናፍ ነው፤ አየር ይግባ፣ አየር ይውጣ። እባካችሁ ከሰል ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ለእናቶቻችሁም ንገሩልን።

ሁለተኛ፣ ማወቅና መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሽታው በ1556 ተጽፏል፣ ካንሰር መሆኑ በ1879 ታውቋል፣ የናቫሆ ቆፋሪ ግን በ1960 ሳያውቅ ይገባ ነበር። እውቀቱ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ ከሰውየው ጆሮ ግን አልደረሰም። የአስተማሪ ሥራ ይህን ርቀት ማሳጠር ነው። ላቦራቶሪ የለንም፣ ዲግሪያችንም አላለቀም፤ ያወቅነውን ለመናገር ግን ሁለቱም አያግዱንም።

ሦስተኛ፣ ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ነገ የምትገቡበት ቤት ቤዝመንት ሊሆን ይችላል። ራዶን ተለክቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልተለካ ይለካ በሉ። ውጤቱን በቁጥር አሳዩን በሉ፤ «ደህና ነው» የሚለው ቃል ቁጥር አይደለም። ከፍ ያለ ሆኖ ቢገኝ የሚጠገን ነገር ስለሆነ አትደንግጡ። ቤት ውስጥ አታጭሱ።

ለባልደረባችን መልሰን ደወልንለትና ይህን ሁሉ ነገርነው። ባለቤቱ ስልኩን ተቀብላ «እንግዲያው ፎጣው ይቅር» አለችን። ሦስት ወሩ ገና አላለቀም። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ሊነግረን ቃል ገብቷል፤ እኛም በሚቀጥለው እትም ለእናንተ እንነግራለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. 1 ፒኮኪዩሪ በሊትር 37 ቤክሬል በሜትር ኩብ ነው። የዋትራስን ቤት 2,700 ፒኮኪዩሪ ወደ ቤክሬል ቀይሩ።

2. የራዶን ግማሽ ዕድሜ 3.8 ቀን ነው። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ራዶን ከ38 ቀን በኋላ ስንት እጁ ይቀራል?

3. የኡምሃውዘንና የዋትራስ ጎረቤቶች ታሪክ «መገመት» እና «መለካት» ስለሚሉት ቃላት ምን ያስተምረናል?

4. በብሎካችሁ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ግን ለሚመለከተው ሰው ያልተነገረ የጤና ጉዳይ አለ? ማን ይንገር? እንዴት?

መልሳችሁን በደብተር ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊዎቻችሁ ስጡ። ሰላም ሁኑ።